ኩሽናቸው ሲፈርስ ከቤት ያልወጡት እትዬ

ኩሽናው እየፈረሰ ከቤቱ የማይወጣ ሰው፣ ሰማይ ቢደረመስም አይወጣም። ዣንጥላ ይዘረጋል እንጂ።

ይህን ያለው ፈላስፋ ሳይሆን ሴራሚክ ለጣፊ ነው። የሚያውቁት ሁሉ «ውሃ ልክ» ይሉታል፤ የሰው ቤት ገብቶ የተጣመመ ሥዕል ካየ ሳያቃና ሻይ አይጠጣምና። ለሃያ ዓመት የሰው ኩሽና ሲያፈርስና ሲሠራ ኖሮ የሰውን ዘር በሁለት ከፍሎታል። አንደኛው ቁልፍ ሰጪ ነው። ቁልፍ ሰጪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዘመድ ቤት ይገባል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመጣና «አምሯል፣ እጅህ ይባረክ» ይላል። ዕድሜ ይስጠው። ሁለተኛው ወንበር አውጪ ነው። ወንበር አውጪ ኮሪደሩ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ገና የመጀመሪያው ሴራሚክ ከግድግዳው ሲነቀል «ቀስ» ይላል። የሚጣል ሴራሚክ እኮ ነው።

ውሃ ልክ በሥራ ዘመኑ ብዙ ወንበር አውጪ ገጥሞታል። ሁሉም ግን ከእትዬ አጠገብ ቢቆሙ ገና ተለማማጆች ነበሩ።

ሥራውን የሰጠችው ትልቋ ልጃቸው ናት። ነገሩ በደንብ ታስቦበታል። ኩሽናው በሦስት ሳምንት ይታደሳል፣ እናትየው ሦስቱን ሳምንት ልጃቸው ቤት ይከርማሉ፣ ቁልፉ ለውሃ ልክ ይሰጣል። ሻንጣው እንኳ ከዋዜማው ጀምሮ ታስሮ በር ሥር ቆሟል። ውሃ ልክ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መሮና መዶሻውን ይዞ ሲገባ ሻንጣው በሩ ሥር የለም። እትዬ ኮሪደሩ ላይ፣ ልክ ከኩሽናው በር ፊት ለፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሻንጣው እግር ማሳረፊያ ሆኗል።

«እትዬ፣ አልሄዱም እንዴ?»

«ወዴት?»

«ልጅዎ ጋ ነዋ። ልብስዎ ተዘጋጅቷል ብላኝ ነበር።»

«ልብሱን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ካማረው ልብሱ ይሂድ።»

«አቧራ አለው እኮ። ጫጫታውም አያስቀምጥም።»

«አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። ጫጫታ አታስተምረኝ።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ከላይ ብትጀምር አይሻልም?»

ከላይ ጀመረ። ከዚያች ቀን አንስቶ ክብርት የግንባታ ሥራዎች ዋና ተቆጣጣሪ በወንበራቸው ላይ ተሾሙ። ሿሚውም ተሿሚውም እሳቸው ናቸው። ትእዛዛቸው ሁሉ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ይጀምራል። ውሃ ልክ እነዚያን ሦስት ቃላት ሲሰማ መዶሻውን ማስቀመጥ ለመደ፤ ከጀርባቸው ምንጊዜም አንድ የሚፈርስ ነገር አለ።

ኩሽና ሲፈርስ አይጠፋም፤ በየክፍሉ ይበተናል። የእትዬ ቡታጋዝ መኝታ ቤት ገብቶ ኮመዲኖው ላይ ተሰየመ። ሽንኩርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከካፖርቱ ጎን ተንጠለጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ካፖርቱን የለበሱ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ምሳ ደረሰ እንዴ ይላል። ማቀዝቀዣው ሳሎን ገብቶ ከሶፋው አጠገብ ቆመ፤ ቁጭ በል እንዳልተባለ እንግዳ ያጉረመርማል። ሰሃን የሚታጠበው ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ለአንዲት ማንኪያ ሁለት ጉልበት ይታጠፋል። ጨው በሁለተኛው ቀን ጠፍቶ በአሥራ አንደኛው ቀን የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ተገኘ።

«ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ እትዬ። «ደህናነቱ ነው ያስቸገረኝ።»

መኝታ ቤቱና ኩሽናው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ውሃ ልክ በዚህ በኩል ሲመታ በዚያ በኩል ከኮርኒሱ አቧራ ይወርዳል። አንድ ቀን ውሃ ሊለምን መኝታ ቤቱን ቢያንኳኳ፣ እትዬ በግራ እጃቸው ጥቁር ዣንጥላ ድስቱ ላይ ዘርግተው በቀኝ እጃቸው ያማስላሉ። ፊታቸው ላይ የችግር ምልክት የለም። ልክ በዚያው ሰዓት ልጃቸው ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለሆነ ውሃ ልክም ሰማ።

«እማዬ፣ ምሳ ምን ሠራሽ?»

«ሾርባ።»

«የምን?»

«የሲሚንቶ።»

«ነይ እያልኩሽ እኮ ነው» አለች ልጅቱ። እትዬ «ሾርባው እየገነፈለብኝ ነው» ብለው ዘጉት። ሾርባው አልገነፈለም ነበር።

ሌላው መከራ ደግሞ ማንበባቸው ነው። እትዬ የተጻፈ ነገር አያልፉም። የሲሚንቶውን ከረጢት፣ የቀለሙን ጣሳ፣ ሴራሚክ የሚለጠፍበትን የኮላ ጆንያ አንድ በአንድ አንብበው ጨርሰዋል። ውሃ ልክ ሃያ ዓመት በዓይኑ እየመጠነ ሲያቦካው የኖረውን ኮላ አንድ ቀን ቆመው አዩትና «ውሃ በዛበት» አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ እንጀራዬ ነው።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ጆንያው ላይ ተጽፏል።»

ተጽፏል። ሄዶ አየው። ያን ቀን ከሰዓት ማንንም ሳያናግር ሠራ።

አሮጌውን ኩሽና የሠሩት የእትዬ ባለቤት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከአርባ ዓመት በፊት በአንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ባለሙያ ሳይጠሩ፣ በገዛ እጃቸው ነው ያቆሙት። ውሃ ልክ ሲያፈርሰው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ወለሉ ላይ ውሃ ቢፈስ ወደ ማስወገጃው አይሄድም፤ ዞሮ ኮሪደሩን ይዞ ወደ ሳሎን ይወርዳል። መሳቢያው ካልተነሳ አይሳብም። የመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ከኩሽናው ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ውስጥ ሆኖ መብራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መውጣት አለበት።

«ዓለምን ያውቃል፤ ግድግዳ አያውቅም» አሉ እትዬ። «ውሃው ለምን ወደ ሳሎን ይሄዳል ስለው ወንዝ የራሱ መንገድ አለው ይለኛል። አርባ ዓመት ወንዙን ስወለውል ኖርኩ።»

«እንግዲህ እናስተካክለዋለን።»

«አስተካክለው እንጂ» አሉ። ቀጥሎ «እኔ ምን አገባኝ» ይላሉ ብሎ ቢጠብቅ አላሉም።

ወለሉ ተስተካከለ። ማብሪያ ማጥፊያው ወደ ውስጥ ገባ። ሥራው ወደ ግድግዳው ሲዞር ነው ትልቁ በደል የተፈጸመው። ውሃ ልክ አንድ ቀን ሙሉ ለክቶ፣ የመጀመሪያው የሴራሚክ ረድፍ የሚያርፍበትን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ በእርሳስ አሰመረና ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ሲመጣ ግድግዳው እንደ ሰሃን ተወልውሏል። መስመር የሚባል የለም።

«እትዬ፣ መስመሬስ?»

«የቱ መስመር?»

«ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ።»

«እሱ ነው እንዴ? ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኩት። አለቅም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር።»

ምን ይባላል? ሴትዮዋ ሠራተኛ በወጣ ቁጥር ቤታቸውን ይጠርጋሉ፤ ሊፈርስ የተቀጠረውን ግድግዳ እንኳ ሳያጥቡ ያደሩበት ቀን የለም። ውሃ ልክ እንደገና ለካ፣ እንደገና አሰመረ፣ ጣቱን አንስቶም አስጠነቀቀ። በማግስቱ መስመሩ በቦታው ነበር። ደስ ብሎት ኮላውን አቦካ፣ በጆንያው ልክ፣ ሁለት ረድፍ ለጠፈ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ዓይኑ ጠረጠረ። ውሃ ልኩን አምጥቶ ሴራሚኩ ላይ ቢያሳርፈው አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ከጥግ እስከ ጥግ የሁለት ጣት ዝንፈት።

ዞሮ ወንበሩን አየ። እትዬ ኮርኒሱን እያዩ ነው።

«እትዬ።»

«ማታ ልማድ ሆኖብኝ ጠረግኩት» አሉ። «እንዳትቆጣ ብዬ መልሼ አሰመርኩት። በሱ ማስመሪያ ነው፤ ካርታ በሚሠራበት።»

«ታዲያ አይነግሩኝም?»

«አንተስ አትለካም? ስምህ ውሃ ልክ አይደል?»

ሁለቱን ረድፍ ነቀለ። ሁለት ቀን ባከነ። ሦስቱ ሳምንት ድሮም ወደ አራተኛው ተንፏቆ ነበርና፣ ውሃ ልክ ግቢው በር ላይ ወጥቶ ለልጅቱ ደወለላት። «እህቴ፣ ወይ እሳቸው ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ።»

ከሥራ ቀጥታ መጣች። ወደ ቤት ሳትገባ እዚያው በሩ ላይ አነጋገረችው።

«የኔን ቃል ከሰማች ቆየ። የባለሙያ ትሰማለች» አለችው። «ኮላው መርዝነት አለው፣ አንድ ሳምንት ሰው አይተኛበትም በላት። ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

«አንድ ሳምንት ይበቃል። ከዚያ ሲመለሱ እኔ ጨርሼ እጠብቃለሁ።»

ልጅቱ ቁልፏን በጣቷ ላይ አሽከረከረች። «አንዴ ከመጣች እዚያው ትለምዳለች። አሮጌ ኩሽና ያለው ቤት ማን ይከራየዋል? ለዚህ ብለን እኮ ነው የምናሳድሰው።» ፊቱን አይታ ቶሎ ጨመረች፤ «ክፉ አድርገህ አትየኝ። ብቻዋን ናት። ስልኳ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ ነፍሴ ትወጣለች።»

እሺ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያስበው የልጅቱን ጭንቀት ሳይሆን ባዶውን ኮሪደር ነበር። እንዴት ያለ ሰላም።

በማግስቱ ጠዋት ጉሮሮውን ጠረገና «እትዬ፣ ኮላው ለጤና ጥሩ አይደለም። አንድ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሰው ማደር የለበትም» አለ።

እትዬ ከወንበራቸው ተነሱ። ኩሽናው ውስጥ ገብተው ጆንያው አጠገብ ጎንበስ አሉና አነበቡ። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«በሃያ አራት ሰዓት ይደርቃል ይላል። መስኮት ይከፈት ይላል። ሰው ይውጣ አይልም።»

ውሃ ልክ ሄዶ መስኮቱን ከፈተ።

«ማን እንዳስባለህ አውቃለሁ። አልቀየምህም፤ ውሸት እንደሆነ አይሆንልህም።» ተመልሰው ተቀመጡ። «አንዲት እህት አለችኝ። ጣሪያዋ ያፈስ ነበር። ጣሪያው እስኪጠገን ለሁለት ሳምንት ብለው ልጇ ቤት ወሰዷት። ስድስት ዓመት ሆናት። ጣሪያው ጥሩ ሆኗል ይላሉ፤ ተከራዮቹ ናቸው የሚሉት።»

ውሃ ልክ መሮውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረ።

«ልጄን አልወቅሳትም። ፈርታልኝ ነው። ግን እዚህ ቤት መብራት ሳይኖር ጨው የት እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ሄጄ ጨው አቀብዪኝ ስል ልኑር?»

«ጨውስ ጠፍቶብዎት ነበር» አለ ውሃ ልክ።

«በገዛ ቤቴ ነው የጠፋብኝ» አሉ እትዬ።

አራት ሰዓት ላይ ልጅቱ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ገባች። ሻንጣውን ከእናቷ እግር ሥር ሳብ አደረገችውና ውሃ ልክን አየችው። ንግግሩ የሱ ተራ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የጸለየለት ቀን ይኸው እፊቱ ቆሟል፤ አንዲት «አዎ» ብቻ ትቀረዋለች።

«እሳቸው ከሄዱ ሥራው ይቆማል» አለ።

«ምን?»

«አባትሽ ቧንቧውንም የመብራት ሽቦውንም በየት እንዳሳለፉት አይታወቅም። ሌላ ሰው እንደሚያሳልፈው አይደለም ያሳለፉት። እኔ ደግሞ ለካቢኔቱ ግድግዳ መብሳት አለብኝ። የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

ልጅቱ አላመነችም። አያስፈርድባትም። ውሃ ልክ መብሻውን አነሳና ጫፉን ግድግዳው ላይ፣ ደረቱ ትክክል፣ አስደገፈው። ሞተሩ ገና አንዴ እንዳጓራ ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ግን እዚያ ጋ ከበሳህ ገላህን ትታጠባለህ።»

መብሻውን አወረደ። ልጅቱን አያት፤ ልጅቱ እናቷን አየች።

«ታዲያ በወረቀት ሣይለትና እንሂድ።»

«ጂኦግራፊ አስተማሪው አባትሽ ነበር» አሉ እትዬ። «ካርታውን ይዞት ሄደ።»

ማቀዝቀዣው ብቻ ሳሎን ውስጥ ያጉረመርማል። ልጅቱ የያዘችውን ሻንጣ አስተኛችና ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ስልክሽ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ደዋይዋ እኔ ነኝ። ሁለቴ ጠርቶ ካላነሳሽ ነፍሴ ትወጣለች፤ አንቺም ቅመሻት።» ቀጠሉ። «አሁን ልብሴን ቁም ሣጥን ውስጥ መልሺና ሻንጣሽን ውሰጂ። እግሬን የማሳርፍበት አላጣም።»

ልጅቱ ሳቅም እንባም ባልሆነ ፊት ልብሱን ከሽንኩርቱ ጎን ሰቀለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ውሃ ልክን «የባለሙያ ቃል» አለችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ውሃ ልክ ያንን የግድግዳ ቦታ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። ደረቅ ድምፅ ነው የሚሰጠው።

«እትዬ፣ እውነት እዚህ ጋ ቧንቧ አለ?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ እትዬ። «እሱ ራሱም አያውቀውም ነበር።»

ኩሽናው በስድስተኛው ሳምንት አለቀ። ወለሉ ላይ ውሃ ቢፈስ ወደሚገባው ይሄዳል፤ መሳቢያው በአንድ ጣት ይሳባል። እትዬ ዞረው ዞረው አዩትና «ደህና ነው» አሉ፤ ይህም በሳቸው ሚዛን ጭብጨባ ነው። ውሃ ልክ ግን በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት አንድ ነገር ታዝቦ ነበር። እትዬ ወደ ኩሽናው በገቡ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ቆም ይላሉ። እጃቸው ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ማብሪያው ድሮ የነበረበትን ባዶ ቦታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር «እኔ ምን አገባኝ» ብለው አያውቁም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሁሉም ነገር የተናገሩ ሴት ስለዚህ ዝም አሉ።

ስለዚህ ውሃ ልክም ዝም ብሎ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ማንም ሳያዘው ሽቦ ሳበና አሮጌው ቦታ ላይ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ተከለ። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፤ መብራቱ ለሁለቱም ይታዘዛል።

እትዬ ከውጭ አበሩት። ገብተው ከውስጥ አጠፉት። ወጥተው እንደገና ከውጭ አበሩት።

«ትንሽ ጠምሟል» አሉ።

በሕይወቱ አጥምሞ የተከለው የመጀመሪያው ነገር ነው። «አሮጌውም እንደዚያ ነበር» አለ።

«አዎ» አሉ እትዬ፤ ወደ መኝታ ቤት ገብተው ቡታጋዙን ለማውጣት ብዙ ቆዩ።

የሚቀጥለው ሥራው የባልና ሚስት ቤት ነበር። ሁለቱም ቁልፍ ሰጪ፤ ቁልፉን በፖስታ አድርገው «ስንመለስ እንገናኝ» ብለው ሄደዋል። የጸለየለት ቤት ይኸው። ኮሪደሩ ባዶ ነው። በመሮው ከላይ ይጀምር ከታች የሚናገረው የለም። መስመሩን በእርሳስ አሰመረ፤ በማግስቱ ሲመጣ መስመሩ በነበረበት አለ። ሦስተኛ ቀንም አለ። ውሃ ልክ ቆሞ አየው። ሰው የማይጠርገው ግድግዳ እንዴት ያስጠላል። ውሃ ልኩን አምጥቶ ሁለት ጊዜ ለካው፣ ልክ ነው፣ ሦስተኛም ለካው።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ከፊቱ የኮላ ጆንያ አለ። ሳያስበው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ግን የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ አያንጠባጥብም?»

በስልኩ ከሩቅ የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ቦታው ከተመለሰ ወዲህ ለዘብ ብሏል።

«ያንጠባጥባል» አሉ።

ያንን ቧንቧ የገጠመው ራሱ ውሃ ልክ ነው። ሦስት ቀን ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፎ ፈትኖታል፤ ወረቀቱ ላይ የነጥብ ምልክት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሄዶ በሩን አንኳኳ። መፍቻ ሳይዝ መምጣቱን ያወቀው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። እትዬም የመሣሪያ ቦርሳህስ ብለው አልጠየቁትም፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለተኛ ወንበር ወጥቶ ነበር።